ክቡር «ሰው አለኝ» እና የእናቴ ምድር ቤት

አዳራሽ ተከራይቶ፣ ወንበር ደርድሮ፣ «ሃሎ፣ ሃሎ፣ ይሰማል?» ብሎ ማይክራፎን ሞክሮ ስብሰባ የጠራ ሁሉ፣ ሳይጠራቸው የሚመጡለት አንድ ሰው አሉ። እሳቸው የሌሉበት ጉባኤ ጉባኤ አይባልም፤ ቢበዛ የቤተ ዘመድ ምክክር ነው። ስማቸው በር ላይ ካለው መዝገብ አይገኝም። ግን መዝጋቢዋን ልጅ «እናትሽ ተሻላቸው?» ብለው ይጠይቋታል፤ ልጅቷ ማንነታቸውን ለማስታወስ ስትጨነቅ እሳቸው ባጁን አንገታቸው ላይ አጥልቀው ገብተዋል። ንግግር አይሰሙም። ማስታወሻ አይይዙም። ወንበር ላይ ሲቀመጡ ያያቸው የለም። የመጡት ለሰው ነው።

እናንተም ታውቋቸዋላችሁ። በሐኪሞች ስብሰባ ላይ አሉ፣ በመምህራን ስብሰባ ላይ አሉ፣ ሠርግ ላይም ከሙሽራው አጎት አጠገብ ቆመው ፎቶ ይነሳሉ። ለእኛ ሙያ፣ ማለትም ቤት ሠርቶ ለሚሸጠው ሙያ፣ የደረሱን ክቡር «ሰው አለኝ» ናቸው። ወላጆቻቸው ያወጡላቸው ስም ይህ አይደለም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነውና እንዲህ እንደምንላቸውም አያውቁም። ሥራቸው የቤት ድለላ ነው፤ ካርዳቸው ግን «ከፍተኛ የቤትና የቦታ ጉዳዮች አማካሪ፣ አስተባባሪና አገናኝ» ይላል። ደላላ የሚለውን ቃል በፊታቸው ያነሳ ሰው ካርድ አይደርሰውም።

ምንም ነገር ጠይቋቸው፣ መልሱ አንድ ነው። የሚከራይ መጋዘን? «ሰው አለኝ።» የአጥር ብረት? «ሰው አለኝ።» አንድ ቀልደኛ መሐንዲስ «ጋሼ፣ ጨረቃ ላይ ትንሽ ቦታ ፈልጌ ነበር» ቢላቸው፣ ኮታቸውን አስተካክለው ትንሽ ካሰቡ በኋላ «እሱ ጊዜ ይወስዳል፤ ግን ሰው አለኝ» አሉት። ከዚያ ወዲህ የቢሮአችን ልጆች ላም አለኝ በሰማይ የሚለውን ተረት ለእሳቸው አሻሽለውታል። ከሩቅ ሲያዩዋቸው «ሰው አለኝ በሰማይ መጡ» ይባባላሉ።

እኔ ደግሞ ማነኝ? ቤት የሚሸጥ ድርጅት ውስጥ የማስታወቂያ ጽሑፍ የምጽፍ ሴት ነኝ። «ነፋሻማ» ብዬ ከጻፍኩ መስኮቱ አይገጥምም ማለት ነው። «በማደግ ላይ ያለ ሰፈር» ካልኩ መንገዱ ገና አልደረሰም። «ፀጥታ የሰፈነበት» ካልኩ ታክሲ አይገባም። በዚህ እንጀራዬን እበላለሁ፤ ማታ ማታ ግን የምገባው በኪራይ ወደያዝኩት አራተኛ ፎቅ ነው። የሊፍቱ በር ላይ «በጥገና ላይ» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ወረቀቱ ራሱ ከማርጀቱ የተነሳ ጥገና ያስፈልገዋል።

አራተኛ ፎቅ ላይ ከእናቴ ጋር ነው የምኖረው። እናቴ ገበያ ወጥታ ተከራክራ የምትገባ፣ የሰፈሩን ሰው ከነልጅ ልጁ በስም የምትጠራ ሴት ነበረች። ጉልበቷ ከከዳት ወዲህ ግን መሬት አልረገጠችም። ቀኑን ሙሉ መስኮት ላይ ተቀምጣ ቁልቁል ታያለች። አንድ ማታ ስገባ «ያ ባለሱቁ ራሰ በራው ሰፋ» አለችኝ። «እንዴት ዐወቅሽ?» ስላት «ምን ላድርግ ልጄ፣ እኔ ሰውን የማውቀው ከአናቱ ብቻ ሆነ እኮ» አለች። አላማረረችም፣ እንደ ወሬ ነው የነገረችኝ። እኔ ግን ወጥ ቤት ገብቼ ውሃውን ከፍቼ አለቀስኩ።

ምድር ላይ ያለ ቤት መፈለግ የጀመርኩት ያኔ ነው። የማይገኝ ነገር ነው። በዚህ ከተማ ምድር ላይ ያረፈ ክፍል ሁሉ ወይ ፋርማሲ ሆኗል፣ ወይ ፀጉር ቤት ሆኗል፣ ወይ ሞባይል ይጠገንበታል። ሰው የሚኖረው ከዚያ በላይ ነው።

በዚህ መሐል አለቃዬ ጠራኝና «የሪል እስቴት ጉባኤው ላይ እኛን ወክለሽ ትገቢያለሽ» አለኝ። «ኔትወርክ ፍጠሪ። ምን ቁም ነገር ይዘሽ እንደመጣሽ ሰኞ ሪፖርት እፈልጋለሁ።»

ሄድኩ። ጠዋት አንድ ተናጋሪ ስለ «የወደፊቱ ቤት» ሰፊ ገለጻ አደረገ። በስልክ የሚከፈት በር፣ በጭብጨባ የሚበራ መብራት፣ ጌታው ከሥራ መመለሱን ዐውቆ ራሱን የሚገልጥ መጋረጃ በፕሮጀክተር አሳየን። አሮጊት ከአራተኛ ፎቅ የሚያወርድ ነገር ግን አላሳየም። ከዚያ ፕሮግራሙ ላይ «የትውውቅ ጊዜ» የሚባለው ደረሰ። የትውውቅ ጊዜ ማለት በአንድ እጅ የሻይ ስኒ፣ በሌላው ካርድ ይዞ፣ የሚያናግሩትን ሰው በትከሻው ላይ አልፎ የተሻለ ሰው መፈለግ ነው። ሁሉም እንዲያ ስለሚያደርግ ማንም ማንንም አያይም፤ ሁሉም ግን ይስቃል።

በዚያ ሳቅ መሐል ክርኔን የያዘኝ ሰው ነበር።

«የኔ እኅት፣ እኔ እኮ የመጣሁት አንቺን ፍለጋ ነው» አሉኝ ክቡርነታቸው። በሕይወታቸው አይተውኝ አያውቁም።

ከዚያ በኋላ የራሴ አልነበርኩም። አዳራሹን ከዳር እስከ ዳር አዞሩኝ። ለባንክ ሰውዬው «የድርጅቱ ቀኝ እጅ ናት» ብለው አስተዋወቁኝ። ሲሚንቶ አከፋፋዩ ዘንድ ስንደርስ ምክትል ሥራ አስኪያጅ ሆኜ ነበር። ምሳ ሊቀርብ ሲል ከባለድርሻዎቹ አንዷ እንደሆንኩ ከራሳቸው አፍ ሰማሁ። ምሳው ቢዘገይ ኖሮ ድርጅቱን ገዝቼው እወጣ ነበር። በየመሐሉ ስልካቸውን አውጥተው ይደውላሉ፤ ሁልጊዜ በእስፒከር፣ ሁልጊዜ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፦ «አለቃ! አሁን ከአንዲት ትልቅ ሰው ጋር ቆሜያለሁ፣ ቆይቼ እደውላለሁ!» ብለው፣ ወዲያ ያለው ሰው አፉን ሳይከፍት ይዘጉታል። የደወሉለትን ሰው ምላሽ የማይፈልጉ የመጀመሪያው ደዋይ ሳይሆኑ አይቀሩም።

የቸገረው እርጉዝ ያገባል ይባል የለ? ችግሬን ነገርኳቸው። «ጋሼ» አልኳቸው፣ «ለእናቴ ምድር ቤት እፈልጋለሁ። የሚከራይ።»

በትከሻዬ ላይ ሲንከራተት የነበረው ዓይናቸው ተመልሶ እኔ ላይ አረፈ። «ስንተኛ ፎቅ ናቸው?» አሉኝ።

«አራተኛ። ሊፍት የለውም።»

«ከወረዱ ቆዩ?»

«ቆየች።»

የሲሚንቶ አከፋፋዩ በአጠገባችን ሲያልፍ እጁን ዘረጋላቸው። አላዩትም። ስኒያቸውን አስቀመጡና ካርድ አወጡ፣ ጀርባው ላይ ስልኬን ጻፉ፣ ቀስ ብለው «ሰው አለኝ» አሉኝ። ጉድ እኮ ነው፣ እኔም አመንኩ።

ሰኞ አለቃዬ «እህሳ፣ ምን ቁም ነገር ይዘሽ መጣሽ?» አለኝ። ይዤ የመጣሁት አንድ የጨርቅ ቦርሳ፣ የማይጽፍ እስክሪብቶና የቅዳሜ ቀጠሮ ነበር። «ዘርፉ ከፍተኛ ተስፋ እንዳለው ተገንዝቤአለሁ» አልኩት። በጣም ደስ አለው፣ ይኸንኑ በጽሑፍ እንዳደርግለት አዘዘኝ።

እናቴ ግን እንደ አለቃዬ በቀላሉ አትሸወድም። «ደላላ ነው?» አለችኝ።

«አማካሪ ናቸው።»

«ያው ነው። ቤቱን ዐይቶታል?»

«ሰው አለኝ ብለዋል።»

«አይ ልጄ» አለች። ዓርብ ማታ ግን ሳያት የደህና ቀን ጫማዋን አውጥታ እየወለወለች ነበር። አላየሁም ብዬ አለፍኩ።

ቅዳሜ ጠዋት ሦስተኛ ፎቅ ያለው አናጢ ጎረቤታችንና ወንድሙ እናቴን በወንበር ተሸክመው አወረዷት። እሷ ወንበሩ ላይ ሆና ታዛለች፦ «ቀስ በል አንተ፣ ግራህን፣ ግራህን!» ሁለተኛ ፎቅ ላይ በር ተከፍቶ አንዲት ሴት አገላብጣ ሳመቻት። አንደኛ ፎቅ ላይ የማታውቃትን ሕፃን አስተዋወቋት። ታክሲ ውስጥ ስናስገባት ጉልበቷ እያመማት እንደሆነ ከንፈሯን ነክሳ መያዟ ያስታውቃል፤ ዓይኗ ግን ከመስኮቱ አይነቀልም። «እዩት እስቲ፣ ዛፉ እንዲህ ትልቅ ነበር?» ትላለች።

ክቡርነታቸው አንድ ደስ የሚል ሕንፃ ፊት ለፊት ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው ቆመዋል። የጉባኤው ባጅ አሁንም አንገታቸው ላይ አለ። እናቴን እጅ ነስተው ተቀበሉና ከፊት ከፊት እየመሩ ገቡ። ምድር ላይ ያለውን በር አለፉት። የሚቀጥለውንም አለፉት። ከዚያ ቀኝ ታጥፈው ወደ ታች መውረድ ጀመሩ።

ደረጃ ነው። ቁልቁል የሚወርድ፣ ጨለማ፣ መያዣ የሌለው ደረጃ።

«ጋሼ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ምድር ቤት ነዋ።»

«እኔ ምድር ቤት ያልኩት ምድር ላይ ያለ ቤት ነው!»

«እኔ የያዝኩልሽ» አሉ፣ ድምፃቸው እየሰለለ፣ «ምድር ውስጥ ያለ ቤት ነው።»

እስቲ ማንን ልውቀስ? ቃሉን የሰጠኋቸው እኔ ነኝ፣ ያውም ቃል እየጻፍኩ የምኖር። ለግማሹ ሰው ምድር ቤት ማለት ከደጅ ገባ የሚባልበት ነው፤ ለሌላው ግማሽ ድንችና አሮጌ ፍራሽ የሚከማችበት ነው። ይህ ልዩነት በጉባኤው ላይ ሁለት መሐንዲሶችን ሊያደባድብ ደርሶ እንደነበር ትዝ አለኝ። ያኔ ስቄ ነበር።

እናቴ ትከሻዬን ተደግፋ ወደ ታች ተመለከተች። «ልጄ» አለቻቸው፣ «መሬት ውስጥ መግባቴ እንደሁ አይቀርም። ምን አስቸኮለህ?»

ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም። ጥርሷን ነክሳ አራት ፎቅ የወረደችው፣ ጫማዋን የወለወለችው ለዚህ ነው ብዬ ክቡርነታቸው ላይ የማይባል ነገር ተናገርኩ። «በየስብሰባው ሰው አለኝ፣ ሰው አለኝ እያሉ! አንድ ሰው ያሳዩኝ እስቲ! አንድ!» አልኳቸው። ኩም አሉ። ስልካቸውን አወጡ።

እንደ ልማዳቸው እስፒከር ላይ ነበር። «ሰላም አለቃ! እኔ ነኝ!» አሉ።

«ማን ልበል?» አለ ስልኩ።

ከፍተኛ የቤትና የቦታ ጉዳዮች አማካሪ መሆናቸውን ከነሙሉ ስማቸው ነገሩት። «ይቅርታ፣ አላስታወስኩም» ብሎ ዘጋው። ሌላ ቁጥር ደወሉ። «ማን ልበል?» ሌላ። «ማን ልበል?» የባንክ ሰውዬውን ድምፅ እኔም ለየሁት፣ እሱም «ማን ልበል?» አለ። አንዲት ሴት «ቁጥሬን ከየት አገኘኸው?» አለቻቸው። እስፒከሩን ማጥፋት እንኳ አልታሰባቸው። ትንሽ ቀደም ብሎ አንድ ሰው አሳዩኝ ብዬ የጮህኩት እኔ፣ አሁን በቃ ይተዉት ብዬ ልለምናቸው ደረስኩ። አንጀቴን በሉት።

የቀደመችኝ እናቴ ናት። «ተወው ልጄ» አለቻቸው። «ቅዳሜ ቀን ማን ስልክ ያነሳል ብለህ ነው?» ሁሉም አንስተው ነበር እኮ።

አናጢውና ወንድሙ ሥራ ሄደዋል፣ ማታ ነው የሚመለሱት። እናቴን ወደ ላይ የሚያወጣት የለም። ክቡርነታቸው ባጃቸውን ከአንገታቸው አወለቁና ኪሳቸው ከተቱት። «እስከ ማታ እኔ ቤት ይረፉ» አሉ። «ቅርብ ነው።»

ስለ እሳቸው ቤት ሁላችንም ሰምተናል። «እኔ ከላይኛው ፎቅ ከተማውን ቁልቁል እያየሁ ነው ሻይ የምጠጣው» የማይሉበት የትውውቅ ጊዜ የለም። ስለዚህ «ሊፍት አለው?» አልኳቸው። ታክሲ ለማስቆም ወደ አስፋልቱ ሄዱ።

ታክሲው አንድ ግቢ በር ላይ አቆመ። ገባን። የታጠበ ልብስ የተሰጣበት ገመድ፣ የውሃ ታንከር፣ ከታንከሩ ጎን አንድ በር። በሩ ሲከፈት ሙሉ ልብሶቻቸው ግድግዳው ላይ በምስማር ተሰቅለው ታዩኝ። እናቴ ትከሻዬን ይዛ ተራመደች፣ ተራመደች፣ ከዚያ ቆመች።

«ደረጃው የት ነው?» አለች።

«የለም» አሉ፣ አንገታቸውን ደፍተው፣ ወንጀል እንደተገኘበት ሰው።

እናቴ መድረኩን አልፋ ገባች። በእግሯ።

«ጋሼ» አልኳቸው ውጭ ቆመን፣ «ታዲያ እስከዛሬ...»

«ፎቅ የሚሸጥ ሰው ታንከር ሥር ይኖራል ቢባል ማን ያምነኛል ብለሽ ነው?» አሉኝ። «ሰው የሚያምነው ከላይ ያለ የሚመስለውን ነው።» ከዚያ «ሌላ ላገኝላቸው ብዬ ነበር። ከዚህ የተሻለ» አሉ።

እስከዚህ ድረስ አንቱ ስላቸው የነበረው ለፌዝ ነው፣ አልዋሽም። ከዚህ በኋላ ያለውን አንቱታ ግን ከልቤ ያዙልኝ።

እናቴ በሩ ላይ ፀሐይ እየሞቀች ተቀመጠች። ልብስ ስታሰጣ የነበረች ጎረቤት ሰላም አለቻት። ሻዩ ሳይፈላ እናቴ የሴትየዋን የልጆች ስም፣ የባሏን ሥራና የአማቷን ጠባይ ዐውቃ ጨርሳለች። ያለ ካርድ። ያ ሁሉ አዳራሽ የደከመበት ሥራ እኮ ይሄው ነበር፤ አንድ ሴትዮ በርጩማ ላይ ቁጭ ብላ ሠራችው።

ማታ አናጢው መድረሱን ደወለልኝ። እናቴ «በሉ እንግዲህ፣ አታስመሹን» ብላ ለመነሳት በሩን ስትይዝ ክቡርነታቸው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ኮታቸውን ለበሱ። በጉባኤ ድምፃቸው «አንድ የቢዝነስ ሐሳብ አለኝ» አሉ።

«ምን?» አልኩ።

«ለሙያዬ ክብር ከፍ ያለ ቦታ መኖር ይገባኛል። አራተኛ ፎቅ ላይ እይታው ያማረ ቤት እንዳለ መረጃ ደርሶኛል። ነዋሪዎቹ ለመልቀቅ ፈቃደኛ ከሆኑ፣ በምትኩ ይህን ላቀርብላቸው እችላለሁ። ለእኔ ትልቅ ውለታ ነው።»

እናቴ ለረጅም ጊዜ ዐየቻቸው። «ሊፍቱ እኮ አይሠራም» አለች።

«ለሊፍቱ ሰው...» ብለው ጀመሩና ዋጥ አደረጉት። «በእግሬ እወጣለሁ» አሉ።

አከራይ ያለው ሰው እንዲህ በቀላሉ ቤት አይለዋወጥም ትሉ ይሆናል። እሳቸው ግን ሁለቱን አከራዮች አንድ ጠረጴዛ ላይ አገናኟቸው፣ አንዱን ለአንዱ «በዘርፉ ፈር ቀዳጅ» ብለው አስተዋወቁ። ሁለቱም ደረታቸውን ነፍተው ተስማሙ። አሁን እርስ በርሳቸው ይጠያየቃሉ አሉ። ክቡርነታቸው በዘመናቸው ካገናኟቸው ሰዎች ሁሉ በእውነት የተዋወቁት እነዚህ ሁለቱ ሳይሆኑ አይቀሩም።

እሁድ እሁድ ወደ ድሮ ግቢያቸው፣ እኛ ዘንድ ይመጣሉ። «የደንበኛ ክትትል ነው» ይላሉ። ስለ እይታው ሰዓት ሙሉ ያወራሉ፤ ፀሐይ ስትጠልቅ እንዴት እንደሆነች፣ መብራት ሲበራ ከተማው ምን እንደሚመስል። ማንም ያላየ ሲመስላቸው ጉልበታቸውን ያሻሉ። እናቴ ታያለች፣ ለጉልበቷ የገዛሁላትን ቅባት አውጥታ ምንም ሳትል በርጩማው ላይ ታስቀምጥላቸዋለች።

ያለፈው እሁድ የግቢው በር ላይ ተገናኝተን አብረን ገባን። የቤቱ በር ተቆልፏል፤ እኔም ቁልፌን ውስጥ ትቼ ነበር የወጣሁት። «እማዬ» አልኩ፣ መልስ የለም። በርጩማዋ ባዶ ነው። ጎረቤቲቱም የለችም። ውስጥ ወድቃ ይሆን ብዬ ቀልቤ ተገፈፈ፤ በሩን በቡጢ መታሁ። ክቡርነታቸው በመስኮት ሊያዩ ተንጠራሩ፣ ፊታቸው አመድ መስሏል፣ ክራቫታቸውን ፈቱት። ታንከሩ ላይ ሊወጡ እግራቸውን ሲያነሱ የግቢው በር ሲጢጥ ብሎ ተከፈተ።

እናቴ ናት። በአንድ እጇ ምርኩዝ፣ በሌላው ትንሽ ፌስታል። ብቻዋን።

«የት ሄደሽ ነው?» አልኳት።

«ወጣ ብዬ ነው እንጂ የት እሄዳለሁ» አለች። «ሳሙና አልቆ።»

ይህን በየቤቱ ስንት ጊዜ ይሉታል፣ ማን ከቁም ነገር ይቆጥረዋል። እኔ ግን የደስታ ዕንባዬን በእጅጌዬ ጠረግኩ። ክቡርነታቸው ዞር አሉ። ስልካቸውን ጆሯቸው ላይ አድርገው፣ ፊታቸውን ወደ ታንከሩ መልሰው «አዎ... አዎ... ይሰማኛል... አዎ» ማለት ጀመሩ። ስልኩ አልጮኸም ነበር። እስፒከር ላይም አልነበረም። ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል።

«ጋሼ» ብዬ ልጠጋቸው ስል እናቴ ፌስታሉን አቀበለችኝ።

«ተያቸው» አለችኝ። «ከሰው ጋር እያወሩ ነው።»